የመሥሪያ ቤት ወሬ ለማን ነው?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ የመንግሥት ሥራ በያዝሁ ጊዜ የተመደብሁት መዝገብ ቤት ነበር። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ሁለት ዓመት ያህል ከቈየሁ በኋላ፥ የመሥሪያ ቤታችን ኀላፊ አንድ ቀን ያረቀቅሁትን ደብዳቤ አይተው፥ «የዚህ ልጅ አማርኛ ደኅና ነው፤ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይግባ» ሲሉ አዘዙ። እኔም ደስ እያለኝ ተዛወርሁ። ወሬ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ ጋዜጠኛም ከእኛ ምን እንደሚፈልግ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አማርኛው ያማረለት ሰው ሁሉ ወሬ መጻፍ የሚችል ይመስለኝ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ከተማ የቧንቧ ውኃ የሚያድል ነበር። በዚያው ዓመት በከተማው ራስጌ አዲስ የውኃ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ተመረቀ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ስለ ሆነ ሌሊቱን ተቀምጬ አራት ገጽ መግለጫ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ገጽ የክብር እንግዶቹን በየማዕርጋቸው ዘረዘርሁ፤ በሁለተኛው የተደረጉትን ንግግሮች አሰፈርሁ፤ በሦስተኛው ለተባበሩት ሁሉ ምስጋና አቀረብሁ። በአራተኛው ገጽ መጨረሻ ጥቂት ቦታ ተርፎ ስላየሁ፥ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውኃ ያገኙ የነበሩት የላይኛው ሰፈር ሰዎች ከእንግዲህ በየቀኑ እንደሚያገኙ አንድ መስመር ጨመርሁ። ይህንኑ አባዝቼ ለጋዜጣውም፥ ለሬዲዮውም፥ ለቴሌቪዥኑም ላክሁ። ሳምንቱን ሙሉ ጋዜጣ ስገዛና ሬዲዮ ስከፍት ሰነበትሁ፤ ነገር ግን የወጣ ነገር አላገኘሁም።

ቢቸግረኝ በዕድሜ ጠና ላሉ አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ስልክ ደውዬ ቅሬታዬን አሰማሁ። እርሳቸውም ሳይቈጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ጽሑፍህን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። እንግዶቹን አንድ በአንድ አስተዋውቀኸኛል፤ ውኃውን የሚቀዳውን ሰው ግን ያገኘሁት ወረቀቱን ላስቀምጠው ስል ነው። ያችን የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ አድርገሃት ቢሆን ኖሮ ያንኑ ቀን ባወጣኋት ነበር። አሁን ግን ሳምንት አለፋት።»

ስልኩን ዘግቼ ተቀየምሁ። እያደር ግን ነገሩ ገባኝ። እኔ የጻፍሁት በድንኳኑ ሥር ለተቀመጡት ነበር፤ አዘጋጁ የሚያስቡት ግን ድንኳኑን ላላዩት ነው። ጋዜጠኛ የመሥሪያ ቤት መልእክተኛ አይደለም። ጋዜጣ ገዝቶ ወይም ሬዲዮ ከፍቶ «ለእኔ ምን አለ?» የሚለው ሰው ወኪል ነው። ስለዚህ ወሬ ይዞ ወደ ጋዜጠኛ የሚሄድ ሰው ማሸነፍ ያለበት ጋዜጠኛውን ሳይሆን ከጋዜጠኛው በስተኋላ ያለውን የዚያን ሰው ጥያቄ ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ አሠራሬን ጥቂት በጥቂት ለወጥሁ። መግለጫዬን ከአንድ ገጽ አላሳልፍም አልሁ። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምን እንደ ተደረገ፥ ለማን፥ የት፥ መቼ የሚለውን አስቀድማለሁ፤ የሹማምንቱ ስም ተራውን ጠብቆ ይመጣል። ቍጥር ስጽፍ ከሚመለከተው ክፍል ሁለት ጊዜ አረጋግጣለሁ። ከሥሩም ስልክ ቍጥር አኖራለሁ፤ በስልኩም ላይ የሚመልስ ሰው እንዲኖር አደርጋለሁ። ጋዜጠኞቹንም አንድ በአንድ ለማወቅ ጣርሁ። ሬዲዮ ድምፅ ይሻል፤ ስለዚህ ባለሙያችን ወይም የሰፈሩ ነዋሪ ራሱ እንዲናገር አገናኛለሁ። ቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ጋዜጣ ደግሞ ዝርዝሩን ይወዳል። ስለ ገበሬ የሚጽፈውን ሰው ስለ ከተማ ቧንቧ ማድከም የእርሱንም የራስንም ጊዜ ማባከን ነው።

ጊዜንም መምረጥ ይገባል። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጐስሞ፥ ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን ነበር እንጂ፥ አደባባዩ ጭር ባለ ጊዜ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከነጋሪት ነው። የዛሬው ገበያ የጋዜጣው ማተሚያ ሰዓትና የሬዲዮው የቀትር ዜና ነው፤ ገበያው ከተበተነ በኋላ የሚመጣ ነጋሪ የሚሰማው አያገኝም።

ወሬው ሳይወጣ ሲቀርም ከበላይ ሹም ትእዛዝ ማስደወል፥ ወይም አበል እያሉ ፖስታ ማቀበል ነውር መሆኑን ተረዳሁ። በገንዘብ የወጣ ወሬ ዋጋው የከፋዩ ብቻ ነው፤ አንባቢው ያወቀ ዕለት ሦስቱም፥ ሰጪውም ተቀባዩም ጋዜጣውም፥ ይረክሳሉ።

በዚህ ዓይነት ወሬዎቻችን መውጣት ጀመሩ፤ እኔም ሥራውን ያወቅሁ መሰለኝ። ዋናውን ትምህርት ግን ገና አልተማርሁም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ዋናውን የውኃ መሥመር ሰበረው። ባለሙያዎቻችን ቀንና ሌሊት ደክመው ጠገኑት፤ በስብራቱ የገባውን ቆሻሻ ለማጥራትም ክሎሪኑን ከወትሮው ከፍ አደረጉት። ይህ የተለመደ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ በአንድ ሊትር እስከ 5 ሚሊግራም ክሎሪን ይፈቅዳል፤ የእኛም ልክ ከዚያ በታች መሆኑን የሚያሳየው የምርመራ ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ውኃው ግን ሸተተ። በማግሥቱ ጧት በከተማው፥ «ውኃው ተመርዟል» የሚል ወሬ ተነዛ።

ረፋዱ ላይ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደወለልኝ። «ለቀትር ዜና አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ስጠኝ፤ ውኃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?» አለኝ። እኔም ወደ ኀላፊዬ ሮጥሁ። ኀላፊዬም፥ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ጥያቄውን በደብዳቤ ያቅርብ በለው» አሉኝ። እንደ ታዘዝሁት አልሁት። ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ ብቻ ልጥል አልችልም፤ ወረቀቱን አሳይቼ አልተከራከርሁምና። የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ደብዳቤ ሳይወጣለት ከግቢ አይወጣም እያልሁ፥ በማድርበት ቤት እንኳ ቃል አልተናገርሁም።

ደብዳቤው መጣ፤ መልሱ ተረቀቀ፤ ተፈረመ። ሦስት ቀን ወሰደ። በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ የሰፈሩ ሰው እንስራውንና ጀሪካኑን ይዞ ወደ ደፈረሰው ወንዝ ወረደ። ቤት ያከራዩኝ ባልቴት የልጅ ልጃቸውን ያሳድጉ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሕፃኑን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። እርሳቸው አቅፈውት፥ እኔ በስልኬ መብራት መንገዱን እያሳየሁ፥ ጭቃውን እየረገጥን ጤና ጣቢያ ደረስን። በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር መድኃኒት በማንኪያ ሲያጠጡት አድረው፥ ሊነጋጋ ሲል ዓይኑን ገለጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጁ ዳነ።

ከዚያ ስንመለስ ባልቴቲቱ በመንገድ ላይ ቆም ብለው፥ «ልጄ፥ አንተ የውኃ መሥሪያ ቤት ሰው አይደለህም እንዴ? የቧንቧው ውኃ ደኅና እንደ ነበረ ታውቅ ኖሯል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎን፥ እትዬ፥ አውቅ ነበር» አልኋቸው።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ስለ ምረቃው አራት ገጽ የጻፍሁ ሰው አንዲት መስመር በምታስፈልግበት ቀን ዝም አልሁ።

ከዚህ በኋላ ስለ ሙያው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 በአሜሪካ፥ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ፥ የፔንሲልቫኒያ የምድር ባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞተው ነበር። የዚያን ጊዜ ኩባንያዎች ልማዳቸው አደጋን መሸሸግ ነበር። ጋዜጠኛ የነበረው አማካሪያቸው አይቪ ሊ ግን የሆነውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለጋዜጦች ሰጠ፤ ጋዜጠኞቹም ስፍራውን ራሳቸው እንዲያዩ አደረገ። የሙያው ታሪክ ጸሓፊዎች ብዙ ጊዜ ይህን ጽሑፍ የመጀመሪያው የጋዜጣ መግለጫ ይሉታል። ያው ሰው ግን በ1914 በኮሎራዶ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ጊዜ ለአሠሪዎቹ ሲያገለግል ስሕተት ያለበትን መግለጫ በማሠራጨቱ ክፉኛ ተነቀፈ። ከዚህ የምንማረው፥ በእውነት የተገኘ አመኔታ በአንድ የተሳሳተ ወረቀት ሊጐድፍ እንደሚችል ነው።

በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቍጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፥ ጥያቄውን የሚቀበል የሕዝብ ግንኙነት ሹም እንዲኖር አዝዟል። ለመልስ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ያ ጎርፍ በመጣ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ሰባት ዓመት ሆኖት በመሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እኛ በሦስት ቀን ስለ መለስን በሕግ ፊት ፈጥነናል፤ ነገር ግን የተጠማ ሕፃን ሦስት ቀን አይጠብቅም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ሥራ ለያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ነገም ለምትይዙት ተማሪዎች የምለው ይህ ነው። ጋዜጠኛን ወሬያችን ባማረ ቀን ብቻ የምንፈልገው ከሆነ በከፋ ቀን አያምነንም። ክፉውን ወሬ አስቀድመን፥ በልኩና በእውነቱ የነገርነው ከሆነ ግን፥ የምረቃችንንም ወሬ በደስታ ይሰማናል። የማናውቀውን «አላውቅም፤ አጣርቼ በዚህ ሰዓት እነግርሃለሁ» ማለት አያሳፍርም፤ በተባለው ሰዓት አለመደወል ግን ያሳፍራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ሥራ ሰው ሳይጐዳ እንዲጠራ ማፍጠን ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ መግለጫ ለመጻፍ ስቀመጥ፥ ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት እኒያን ባልቴት አስባቸዋለሁ። «እትዬ ይህን ዛሬ ቢሰሙ ምን ይጠቅማቸዋል?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን ያገኘሁ እንደ ሆነ እርሱን በመጀመሪያው መስመር አኖረዋለሁ። መልሱን ያጣሁ እንደ ሆነ ግን ወረቀቱን እተወዋለሁ።