ከጋፋት ደጅ፦ የትኛው ፕሮጀክት ይቅደም?

ወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አልፎ ወልድያ ይገባል። ግራ ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ በደርግ ዘመን ከሩዝ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ የገበሬው ኑሮ ተለውጧል። ዛሬ በአገራችን ሩዝ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ፎገራ ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ነው። ሩዙ የሠመረው ከመሬቱ ጠባይ ጋር ስለተስማማ ነው። ወደ ደብረ ታቦር የምወጣው አንድ ጥያቄ ይዤ ነውና ይህን በማስታወሻዬ አናት ላይ አሰፈርኩት። ዩኒቨርሲቲ ከሚቀርቡለት የቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች መካከል የትኛውን ያስቀድማል? በምን ሚዛን?

ደብረ ታቦር

ከዓለም በር በኋላ አቀበቱ ይበረታል፤ ሙቀቱም ከሜዳው ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያልደረበ ሰው ማየት ይቸግራል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥበትን ክፍል ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብሎታል። ስሙ ትልቅ አደራ ያዘለ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ካስተማረ ወጣት መምህር ጋር ቡና ይዘን ብዙ አወራን። አሠራሩን እንዲህ ሲል ዘረዘረልኝ፤ “ጋሼ፣ ፕሮጀክት በሁለት በር ነው የሚገባው። ኔትወርክ፣ ሰርቨር፣ የተማሪ መረጃ ሥርዓት በአይሲቲ በኩል ይመጣል። ምርምርና የቴክኖሎጂ ሽግግር ደግሞ ጥሪ ይወጣለታል፤ መምህሩ ፕሮፖዛል ያስገባል፣ ገምጋሚ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ደረጃ ይወጣለታል። ሁለቱ የሚገናኙት በጀት ላይ ነው።”

በጀቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመሐሉ ጨረታ አለ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ከሆነ የውጭ ምንዛሪ ወረፋም አለ። ግንቦት ላይ ጊዜው ሲያጥር የሚቀድመው ብዙ ሰው የሚጠቅመው ፕሮጀክት መሆኑ ይቀርና ቶሎ ሊገዛ የሚችለው ይሆናል። ኮምፒውተር በአንድ ጨረታ ይገዛል። ከገበሬ ጋር ሁለትና ሦስት መኸር መፈተን ያለበት የእህል መውቂያ ማሽን ግን በአንድ የበጀት ዓመት አያልቅም። ወረፋውን የሚያዛባው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሌላው ወረፋውን የሚያናጋው ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል፣ ጄኔሬተርና የውስጥ ኔትወርክ ከሁሉ በፊት መቅደም ነበረባቸው። ይህ ተገቢ ነበር፤ ተማሪ መብራት ስለጠፋ ብቻ ሊወድቅ አይገባምና። ከዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ሥራው ሁሉ በውጭ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ፕሮጀክት በእንዲህ ያለ ጊዜ ይቆማል፤ በግቢው ሰርቨር ላይ መጻሕፍትና የትምህርት ቪዲዮ ያስቀመጠ ግን ተማሪውን ማገልገሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ገምጋሚው “መስመሩ ሲቋረጥ ይሠራል ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሊያስገባው ይገባል።

ጋፋት

ጋፋት ከከተማዋ ብዙም አትርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት ኮረብታ ናት። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው አምባ ላይ አረፉ፤ መድፉም ዛሬ ድረስ መቅደላ ላይ አለ።

ቦታው ላይ ቆሜ ልቤ በአድናቆት ተሞላ። ንጉሡ መድፍ ከመግዛት ይልቅ ሙያውን አገር ውስጥ ማስቀረት ፈለጉ፤ ወጣቶችም ከባለሙያዎቹ ሥር ሆነው እንዲማሩ አደረጉ። ነገር ግን ቅድሚያውን የሚወስነው የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ሲወድቁ ሥራውም አብሮ ወደቀ። ምድጃው ማረሻና ወፍጮ ወደ መሥራት ሊሸጋገር ይችል ነበር፤ የሚያሸጋግረው ተቋም ግን አልነበረም። በጋፋት ስም የሚጠራ ኢንስቲትዩት ከዚህ ሊወርስ የሚገባው ድፍረቱን ነው፤ ሊያሟላ የሚገባው ደግሞ የጎደለውን ተቋም።

ፋርጣ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብለው ፋርጣ ሲገቡ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነስተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ደጋው የድንችና የገብስ አገር ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ድንች በእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ከፊል ብርሃን በሚገባበት ጎጆ ውስጥ ደርድረው አሳዩኝ። ብርሃኑ ቡቃያውን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፤ ዘሩም እስከ ተከላ ወቅት ይቆያል። መብራትም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። “አባቴ፣ ከዩኒቨርሲቲው ምን ይምጣላችሁ?” አልኳቸው። “ልጄ፣ ዕቃ የሚያመጣልን አላጣንም። ሲሰበር ተመልሶ የሚያየን ነው የጠፋው” አሉኝ።

ዕቃው ሲሰበር ተመልሶ የሚያይ መኖሩን የሚመዝን ሣጥን በፕሮጀክት ግምገማ ቅጹ ላይ ከሌለ፣ ነጥቡ የሚሄደው ሰነዱ ላማረለት ነው። እኔ ብጠየቅ እያንዳንዱ ፕሮጀክት አራት ጥያቄ ይመልስ እላለሁ። ችግሩን ያነሳው ማን ነው? ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይጠግነዋል? መብራትና መስመር ሲጠፋ ምን ይሆናል? ባለፈው ዓመት የተጀመረው አልቋል ወይ? በገምጋሚዎቹ መካከልም መውቂያውን የሚጠቀም ገበሬ፣ የተማሪ መረጃ ሥርዓቱን የሚከፍት የሬጅስትራር ሠራተኛ ይቀመጡ። ብዙ ዓመት የሚፈልገው ሥራ በየዓመቱ ከአዲስ ጋር እንዳይወዳደር የራሱ ድርሻ ይያዝለት።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ኃላፊዎች የምለው አንድ ነው። የፕሮጀክቶቹን ዝርዝር ከነነጥቡና ከነምክንያቱ ከሐምሌ 1 በፊት በግቢው በር ላይ ለጥፉት። ፕሮፖዛሉ የወደቀበት መምህር ለምን እንደወደቀ ይወቅ፤ የፋርጣ ገበሬም የእሱ ጉዳይ ስንተኛ ላይ እንዳለ አንብቦ ይጠይቅ። በአደባባይ የተሰለፈ ወረፋ ለመዝለል ያስቸግራል።