የባሕር ኃይል ኮሌጅ ስንት ያወጣል?

የትምህርት ተቋማትን ንብረት መገመት የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን የምሠራው ለንደን ነው። ለጀማሪ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የማነሳላቸው በቴምዝ ዳር ያለውን የግሪኒች ንጉሣዊ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ነው። ከ1873 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. መኮንኖች ሠልጥነውበታል።

የተማሪ ቁጥር ሲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ስለ ኮርሱ ጠይቁ። ለሁለት ሳምንት የመጣውም ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጠውም መዝገብ ላይ አንድ ሠልጣኝ ነው። እኔ ቁጥሩን በሚቆዩበት ሳምንት አባዛለሁ፤ የመኝታ ክፍሎቹ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያገለግሉ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ኮርስ ሲዘጋ ዕዳው ሕንፃው ላይ ይቀራል። ክሪስቶፈር ሬን ለአረጁና ለተጎዱ መርከበኞች መጠለያ እንዲሆን በነደፈው በዚያ ግቢ፣ በንጉሥ ዊልያም ሕንፃ ውስጥ፣ ከ1962 ጀምሮ ጄሰን የሚባል ባለ 10 ኪሎ ዋት የኒውክሌር ማብላያ ነበር። ለኒውክሌር ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሚታጩ ሰዎች ይማሩበት ነበር። በ1996 ሥራው ቆመ፤ ነዳጁ ወጥቶ፣ ማብላያው ተነቃቅሎ ቦታው እስኪጸዳ ግን 1999 ደረሰ። ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጽፍ ገማች ገዢውንም ሻጩንም ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል ስታዩ «እዚህ ምን ይሰጥ ነበር?» በሉ፤ የነዳጅ ጋን፣ የኬሚካል ቤተ ሙከራ፣ የተኩስ መለማመጃ ሁሉም አሻራ አለው።

የመተኪያ ዋጋን አስልቶ እርጅናን መቀነስ ለወርክሾፕ ይሠራል። ጄምስ ቶርንሂል ከ1707 እስከ 1726 ጣሪያውንና ግድግዳውን የሳለውን አዳራሽ ግን በምን ትተኩታላችሁ? መኮንኖቹ ምግብ የሚበሉት እዚያ ነበር። እንዲህ ላለው ክፍል ዓመታዊ የጥገና ወጪውን ለብቻው እጽፋለሁ፤ ተረካቢው የሚሸከመው እሱን ነውና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ግቢውን ለረጅም ዘመን ኪራይ ገበያ ላይ ሲያወጣው ሕዝቡ ተቆጣ። በኋላ የግሪኒች ዩኒቨርሲቲና የትሪኒቲ ሙዚቃ ኮሌጅ ገቡበት፣ ግቢውም ለጎብኚ ክፍት ሆነ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በማዘጋጀው ሪፖርት ከኪራዩ ግምት ጎን ሕዝቡ በየትኛው በር ገብቶ የትኛውን ክፍል ማየት እንደሚችል አሰፍራለሁ፤ ደንበኛው ባይጠይቀኝም።