ጎረቤላና የበልግ ዝናብ፤ ልጆች ምን ለብሰው ይጫወቱ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛችሁ ጎረቤላ ስትደርሱ፥ አንባብያን ሆይ፥ አገሩ ከፊታችሁ ያለቀ ይመስላችኋል። የጥንቱ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው የአንኮበር ኮረብታ ከአጠገባችሁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ አልዩ አምባና ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ከየካቲት ጀምሮ ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው እርጥብ አየር በዚህ ገደል ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ዝናብ። በልግ ለገበሬው ገብስ የሚያበቅልለት ጸጋ ነው፤ ለእናቶች ግን «ልጁን ብርድ እንዳይመታው» የሚያሰኝ ጭንቀት።

ስለዚህም በር ይዘጋል፤ ልጆቹም እርጥብ እንጨት በሚጨስበት ምድጃ ዙሪያ ተኮልኵለው ይውላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በታፈነ ቤት የሚጨስ እሳት ሕፃናትን ለሳንባ ምች ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። ከካፊያ ሸሽቶ ጢስ ውስጥ መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ደግሞስ የጎርፉን ቦይ የሚከትሩት፥ ከጭቃ በሬና ጎጆ የሚሠሩት በዚህ ወራት አይደለምን?

ልጅን የሚጎዳው የረጠበ ጥጥ ነው። ጋቢ ደረቅ ሳለ የሚያሞቀው በድሩና በማጉ መካከል አየር ስለ ያዘ ነው፤ ሲርስ የአየሩን ስፍራ ውሃ ይወስደውና የገላን ሙቀት ይመጥጣል፤ ቶሎም አይደርቅም። ሱፍ ግን ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እንደ ረጠበ ጨርቅ ገላ ላይ አይለጠፍም፤ ጠጕሩ ጥቅልል ስለ ሆነ አየሩን አይለቅም። የመንዝ ሰዎች ይህን ከማንም የሳይንስ መምህር ሳይማሩ ከበጎቻቸው ጠጕር በርኖስና ባና ሲሠሩ ኖረዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመውም በዚሁ በግ አገር ነው።

እንግዲህ ለሥራ ተዛውራችሁ ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ፥ ወይም ታናናሾቻችሁ እዚያ ቢኖሩ፥ ከአሮጌ ባና እጅጌ ያለው አጭር ካፖርት አሰፉ። ደረብ የተደረገ ጋቢ ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም፤ እጁን ይይዘዋል። የመንዝ ሱፍ ሻካራ ስለ ሆነ ከሥሩ ስስ ካናቴራ ይልበስ፤ ሲመለስም ወዲያው ይቀየርለት። ከላይ ለዝናቡ የእረኞች ገሳ አለ። ሣሩ እንደ ጎጆ ክዳን ተደራርቦ ስለሚሠራ ውሃው በጀርባ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥሩም አየር ይገባል። ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ላብን አያወጣምና ዝናቡ ሲያባራ አውልቁለት።

ከሁሉ የምጨነቀው ለእግር ነው። ዝሆኔ ከሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት በደጋማው አገራችን ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት መንሥኤው ትል ሳይሆን በቆዳ የሚገባው የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን መሆኑን አስረድተዋል። ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ የሚከለከል በሽታ ነው፤ ጥንቃቄውም የሚጀመረው ከልጅነት ነው። ደመወዝ ስትቀበሉ ከአዲስ ከረባት በፊት ለልጁ ቦቲ ግዙ፤ ከሱፍ ካልሲ ጋር እንዲበቃውም ጣት የሚያስገባ ያህል ሰፋ ያለ ይሁን።

ማታ ቦቲውን እሳት ዳር አታስቀምጡት፤ ይሰነጠቃል። አሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ይደር። የመጽሔት ወረቀት ውሃ እምብዛም አይመጥም፤ ስለዚህ ይህችን ብትተዋት ይሻላል።