አሰልጣኙ የሄደባት ከተማ

አን አርበር በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት በስተምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የምትደረስ የተማሪዎች ከተማ ናት። ነዋሪዋ 120 ሺህ ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲዋ ስታዲየም ደግሞ 107,601 ሰው ያስቀምጣል። ሕፃንና አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ሲቀር ከተማው በሙሉ ገብቶ መቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

ወደዚያ የሄድኩት ከነርስነት ሥራ በጡረታ ከተገለልኩ በኋላ የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። በፈረንጆች 2024 መስከረም ላይ ገብቼ እስከ 2025 መጋቢት ቆየሁ። ከዚያ ቆይታዬ ዛሬ የማወጋችሁ ከተማዋ አንድ ሰው ስለሸኘችበት ሁኔታ፣ የእኛም ቤት በዚያው ዓይነት ነገር ስለተፈተነበት ወቅት ነው።

ስታዲየሙ በ1927 የተከፈተ ሲሆን ሕዝቡ “ትልቁ ቤት” ይለዋል። ከመንገድ ሲያዩት ትልቅነቱ አያስታውቅም፤ አብዛኛው ክፍል መሬት ተቆፍሮ የተሠራ ነውና። በሩን አልፈው ሲገቡ ነው ቁልቁል እንደ ገበቴ የሚዘረጋው። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ የአካባቢው ሰዎች የግቢያቸውን ሣር ለመኪና ማቆሚያ ያከራያሉ። ፊት ለፊት ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ በድንኳንና በሥጋ ጥብስ ጭስ ይሞላል። ሽማግሌው በከዘራ፣ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ቢጫና ሰማያዊ ለብሶ ይጎርፋል። ታቦት የሌለበት ጥምቀት ነው አልኩ በልቤ።

ጨዋታው እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ ወጣቶቹም የራስ ቁር አድርገው እንደ ወይፈን ይጋጫሉ። በተጋጩ ቁጥር የእኔ ዓይን የሚከተለው ኳሱን ሳይሆን ማን እንደ ተነሣና ማን እንደ ቀረ ነበር። የሥራ ልማድ አይለቅም።

ተጫዋቾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ለቡድኑ የሚመርጣቸው፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ እናት አባታቸውን የሚያግባባው አሰልጣኙና ረዳቶቹ ናቸው። ስለዚህ አሰልጣኝ እዚያ አገር የጨዋታ ሰው ብቻ አይደለም፤ ልጅ የሚረከብ ሰው ነው።

እኔ በደረስኩበት ወቅት ከተማዋ የምታወራው ስለ ጂም ሃርባው ነበር። ሰውየው የቤት ልጅ ነው። አባቱ በ1970ዎቹ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ስለነበሩ በልጅነቱ በከተማዋ ኖሯል፤ በ1980ዎቹም ለዩኒቨርሲቲው ተጫውቷል። በ2015 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ጥር 8 ቀን 2024 ቡድኑ ዋሽንግተንን 34 ለ13 አሸንፎ፣ ዓመቱን ሙሉ 15 ጨዋታ አድርጎ አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱን ሻምፒዮናነት ወሰደ። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ሃርባው ወደ ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ፣ ማለትም ተጫዋቾቹ የሙሉ ጊዜ ደመወዝተኛ ወደሆኑበት ኤን ኤፍ ኤል ወደሚባለው የባለሙያዎች ሊግ መሄዱ ተነገረ። ከረዳቶቹም የመከላከሉ አሰልጣኝና የሰውነት ማጠንከሪያው አሰልጣኝ ተከተሉት። በሁለት ቀን ውስጥ ከረዳቶቹ አንዱ የነበረው ሼሮን ሙር ተተካ።

የእህቴ ልጅ ጎረቤቶች ሁለት ጡረተኞች ናቸው፤ ባልና ሚስት። ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቃቸው እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ባልየው፣ “ዋንጫውን አምጥቶ ነው የሄደው፤ ምን ይባላል? ምርቃት ነው እንጂ” ይላሉ። ሚስትየው ደግሞ ቡናቸውን እያማሰሉ፣ “ጥር በመጣ ቁጥር ይሄዳል አይሄድም እያልን መስጋቱ ራሱ አድክሞናል” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሃርባው በ2022ም ለሚኒሶታው የባለሙያ ቡድን ቃለ መጠይቅ አድርጎ ነበር የተመለሰው።

ለምን ይሄዳሉ? እኔም እንደ እናንተ መጀመሪያ ያሰብኩት ገንዘብን ነው። ነገር ግን የትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሰልጣኞች እዚያው ሆነውም ሚሊዮኖች ይከፈላቸዋል። የሚስባቸው ሌላም ነገር አለ። በባለሙያዎቹ ሊግ የሚሠለፉት 32 ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ሃርባው ራሱ ቀደም ሲል ሳን ፍራንሲስኮን ይዞ በ2013 ለመጨረሻው ዋንጫ ቀርቦ፣ የገዛ ወንድሙ በሚያሠለጥነው በባልቲሞር ቡድን 34 ለ31 ተሸንፏል። ያ ቁጭት እንዳለ ሰው ሁሉ ይናገራል። ሌላው ድካሙ ነው፤ የኮሌጅ አሰልጣኝ ዓመቱን ሙሉ በየሰው ቤት እየዞረ የ17 ዓመት ልጆችን ሲለማመጥ ይኖራል። በባለሙያዎቹ ዘንድ ግን ተጫዋች የሚመጣው በውልና ቡድኖቹ በየተራ በሚያደርጉት ምርጫ ነው። በዚያ ላይ ሃርባው በሄደበት ጊዜ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ምርመራ በላዩ ላይ ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይም ቅጣት አስተላልፎበታል።

መሄድ ሁሉ አያምርም። ቦቢ ፔትሪኖ በ2007 የሉዊቪልን ዩኒቨርሲቲ ትቶ ወደ አትላንታ ፋልከንስ ሄደና ዓመቱ ሳይሞላ፣ በ13 ጨዋታ ውስጥ፣ ለተጫዋቾቹ አጭር ደብዳቤ ትቶ ተመልሶ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ኒክ ሴበንም የሉዊዚያናውን ዩኒቨርሲቲ ለማያሚ ዶልፊንስ ትቶ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ወደ አላባማ አልሄድም ባለ በሁለት ሳምንቱ የአላባማ አሰልጣኝ ሆነ። እዚያ ግን ስድስት ዋንጫ አነሣ። ፒት ካሮል ደግሞ በ2010 የደቡብ ካሊፎርኒያን ዩኒቨርሲቲ ለቆ ሲያትል ገባና ከአራት ዓመት በኋላ የባለሙያዎቹን ዋንጫ ወሰደ። የሰው እግር የሚወስደው አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ለእኔ ወሬ ሆኖ የቆየው እስከ ኅዳር ነው።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ልጇ በዚያ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ነበር። ትከሻው የበር መቃን የሚያክል፣ ድምፁ ግን እንደ ድሮው የሕፃን የሆነ ልጅ ነው፤ እኔን “እማማ” ይለኛል። ኮሌጆች ይፈልጉት ጀምረው ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ረዳት አሰልጣኙን ቤት ድረስ ላከ። ሰውየው ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ዶሮ ወጡን በእጁ በላ፤ እንቁላሉን ሳይቀር ጨረሰ። ሲነሣ ለእናቱ፣ “አራት ዓመት ከልጅሽ አጠገብ ነኝ” አላት። ከሄደ በኋላ እናት ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። በታኅሣሥ መጀመሪያ ልጁ ፈረመ።

በየካቲት አንድ ማታ ስልኩ ጮኸ። ረዳት አሰልጣኙ ወደ አንድ የባለሙያ ቡድን መሄዱን የሚገልጽ መልእክት ነበር፤ አምስት መስመር ገደማ። ልጁ አንብቦ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠውና ክፍሉ ገባ። እናቱ ወደ እኔ ዞራ፣ “አክስቴ፣ አሁን ለማን ነው የምሰጠው?” አለችኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ወጣሁ። በረዶው ቢያስፈራኝም ቀስ እያልኩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተራመድኩ። በሚሺጋን ዩኒየን ደረጃ ላይ ክብ የነሐስ ምልክት አለ። ጥቅምት 14 ቀን 1960 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጆን ኬኔዲ ለምርጫ ሲቀሰቅሱ እዚያ ቆመው ተማሪዎቹን ወደ ድኻ አገሮች ሄደው ለማገልገል ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠየቋቸው። ከዚያ የወጣው ፒስ ኮር ነው፤ በ1962 መምህራኑ ኢትዮጵያ ገቡ። እኔን በ1964 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማረችኝ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ስትመጣ ሁለት ዓመት እንደምትቆይ ነገረችን፤ ሁለት ዓመት ቆየች። ስትሄድ አለቀስን እንጂ አልተከፋንም። ለሚተካት መምህር የእያንዳንዳችንን ድክመት በደብተር ጽፋ ሰጥታው ነበርና። የእኔ ድክመት ፊደል መግደፍ ነበር፤ አዲሱ መምህር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወደ ራካም አዳራሽ ሄድኩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1955 የፖሊዮ ክትባት እንደሚሠራ ለዓለም የተነገረው በዚህ ቤት ነው። ሙከራውን የመሩት ዶክተር ቶማስ ፍራንሲስ ሲሆኑ፣ ክትባቱን የሠራው ጆናስ ሳልክ ቀድሞ የእሳቸው ረዳት ነበር፤ በ1947 ነው አን አርበርን ለቆ ፒትስበርግ የገባው። እዚያው ቀርቶ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ስንት ሕፃን እግሩ ሰልሎ ያየሁ ሰው ነኝና በአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ሄዶ የሠራውን መረቅኩት። መሄድ በራሱ ክህደት አይደለም።

እኛም ነርሶች እንቀያየራለን። ሌሊት የሠራችው ጠዋት ትወጣለች። በሽተኛው የሚጎዳው ግን ነርሷ በመቀየሯ ሳይሆን ርክክብ ሲጓደል ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈውን መድኃኒት ማንም ነርስ ትሰጣለች፤ በቃል ብቻ የተነገረው ግን ከተናጋሪዋ ጋር ከበሩ ይወጣል። አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለዚህም ይሆናል።

ማታ ሦስታችንም ጠረጴዛ ከበን የፈረመውን ወረቀት አወጣን። ስምምነቱ ከኮሌጁ ጋር ነው፤ የአሰልጣኙ ስም አንድ ቦታ እንኳ የለበትም። እኔም ልጁን፣ “ኳስ የሚባል ነገር ከዓለም ቢጠፋ እዚያ ትምህርት ቤት ትማራለህ?” አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ በወረቀት ጻፍን። ጉልበቱ ቢጎዳ የትምህርት ወጪው ይቀጥላል ወይ? ጭንቅላቱ ቢመታ ተመልሶ እንዲጫወት የሚፈቅደው ሐኪም ነው ወይስ አሰልጣኝ? የሚፈልገው የምህንድስና ትምህርት ከልምምዱ ሰዓት ጋር ይጋጫል ወይ? እናቱ ለኮሌጁ ላከችው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መልስ አልመጣም፤ እሷም እንቅልፍ አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ዋናው አሰልጣኝ ራሱ ደወለ። እናቱም ትሕትናዋን ሳትለቅ፣ “እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ” አለችው። ላከ። ወጪው ይቀጥላል፤ የሚፈቅደው ሐኪም ነው። የትምህርቱ ሰዓት ግን በአንድ ወሰነ ትምህርት ይጋጫል፤ እሱንም አልደበቀም።

ልጁ በሳምንቱ መጨረሻ ኮሌጁን ብቻውን ሄዶ አየ። ሜዳውን ሳይሆን ቤተ ሙከራውንና የመኝታ ክፍሎቹን። ሲመለስ፣ “እማማ፣ እሄዳለሁ” አለኝ። ለረዳት አሰልጣኙም መልካም ዕድል የሚል መልእክት ላከለት። እናቱ አልተዋጠላትም፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ ቦ ሼምቤክለር የተባሉት አሰልጣኝ በመልበሻ ክፍሉ የሰቀሉት፣ “የሚቆዩት ሻምፒዮን ይሆናሉ” የሚል ጽሑፍ እስካሁን ይጠቀሳል። የተጻፈው በከባዱ ልምምድ ምክንያት ጥለው ለሚሄዱ ተጫዋቾች ነበር። ሃርባው ራሱ በእሳቸው ሥር ነው ያደገው። ከእሱ መሄድ በኋላ ባለው ዓመት፣ ብዙ ተጫዋቾችም ወደ ባለሙያነት ስለወጡ፣ ቡድኑ ስምንት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ። ያም ሆኖ በኅዳር መጨረሻ ዋና ባላንጣውን ኦሃዮ ስቴትን በሜዳው 13 ለ10 ረታ። ጎረቤቶቻችን ያን ዕለት በበረዶው ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ አይቻለሁ፤ ሚስትየው ከባልየው ይልቅ ይጮኹ ነበር።

ልጆቻችሁን በውጭም ሆነ በአገር ቤት ለትምህርት፣ ለስፖርት፣ ለሥራ የምትሰጡ ወላጆች፣ ቤታችሁ መጥቶ የሚያግባባችሁን ሰው አክብሩት፤ ምግብም አቅርቡለት። ነገር ግን እሱ በሌለበት ቀን ልጃችሁ የሚቀርበት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቸር ሰንብቱ።