ዝም አይነቅዝምን?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ቢያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል፤ ቢያጠፋ በአርጩሜ ይገረፋል፤ ጥፋቱ ከበረታም በበርበሬ ይታጠናል። እኔም ከብት እየጠበቅሁ ያደግሁት በዚሁ ሥርዓት ነው። ይህን የምጽፈው ወላጆቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱም ያደጉት እንዲሁ ነውና።

አያቴ በሞተች ጊዜ ልጅ ስለ ነበርሁ «ጠበል ሄዳለች» ተባልሁ። ከብቶቹን ይዤ ስወጣም ስገባም ለብዙ ወራት መንገድ መንገዱን አይ ነበር። እውነቱን ሳውቅ ደግሞ ለቅሶው አልፎ ነበርና ማልቀሻ ጊዜ አላገኘሁም። ዛሬ ጓደኛዬ ከቀጠሮው ጥቂት ሲዘገይ ልቤ የሚመታው፥ ሌሊትም ያለ ምክንያት የምባንነው ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

ከፍኖተ ሰላም ብዙም የማይርቀውን የማንኩሳን ልጅ በዛብህን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ተረኩት፥ በዛብህ ክፉና ደጉን ሳይለይ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉበት። አድጎ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ያ ራሱ ያልተሳለው ስለት ኅሊናውን አስጨነቀው። ነገሩ ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን ሌሎች በልጅነታችን የቋጠሩትን ቋጠሮ ስንፈታ የምንኖር ስንቶች ነን?

ሊቃውንትም ይህን መርምረዋል። እ.አ.አ. በ1998 ሐኪሞቹ ፌሊቲና አንዳ ከጓደኞቻቸው ጋር በአሜሪካ 9,508 ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ። መደብደብን፥ መዋረድን፥ እናት ስትመታ ማየትንና ይህን የመሳሰለውን መከራ በአራት ዓይነትና ከዚያ በላይ ያዩት፥ ምንም ካላዩት ይልቅ ለመጠጥ ሱስ፥ ለከባድ ትካዜና ራስን ለመግደል ሙከራ የመጋለጣቸው ነገር ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ልጅነቱ የከፋ ሰው ሁሉ ተፈርዶበታልን? አይደለም። ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ በሐዋይ ደሴቶች በአንዷ በካዋይ እ.አ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋል። በድኽነትና በቤተሰብ ሁከት መካከል ካደጉት ሲሶ የሚሆኑት ብቁ፥ በራሳቸው የሚተማመኑና ለሰው የሚያስቡ ሆኑ። አንዱ ምክንያት አብሯቸው የተወለደው ጠባይ፥ ማለት ሰውን በቀላሉ የሚያቀርብ አመል ነበረ። ሌላው ደግሞ ከወላጅ ውጭ እንኳ ቢሆን አያት፥ አክስት ወይም መምህር፥ አንድ የሚያቀርባቸው ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች፥ አንዱ በቁጣ ሲሰበር ሌላው ስቆ የሚያልፈው ለዚህ ነው። «አመል ያወጣል ከመሐል» ማለት እውነት ነው፤ ሆኖም አመል ብቻውን አያወጣም፤ ሰው ያስፈልገዋል።

ለእኔ ይህ ሰው አጎቴ ነበሩ። አንድ ቀን በእርሻ ዳር አስቀምጠው ስለ አያቴ አሟሟት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ፤ ሳለቅስም ዝም በል አላሉኝም። ፍርሃቱ ፈጽሞ አልለቀቀኝም፤ ግን ስሙን አወቅሁት።

በመካከላችን ግን የተጨነቀ ተማሪ ሲገኝ ምን እናደርጋለን? በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአማኑኤልን ሆስፒታል ስም እየጠራን እንቀልድበታለን! ወባ የያዘውን ደግፈን ወደ ሐኪም እናደርሳለን፤ ሐሳብ የያዘውን ግን «ልቡ ደካማ ነው» እንላለን። ማኅበራችን ለስፖርትና ለክርክር ጊዜ እንደሚሰጥ ሁሉ፥ የከበደው ተማሪ ሳያፍር የሚናገርበትን፥ ነገሩም ሲከፋ ወደ ሐኪም የሚሸኝበትን መንገድ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። እስከዚያው ግን በመኝታ ክፍላችን ያለውን ጓደኛ «ምነው ሰሞኑን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ታግሦ መስማት ገንዘብ አይጠይቅም።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» እንዳሉ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ለክርክር ለሐሜት የመጀመሪያው ይበጀናል፤ ለልብ ቁስል ግን ሁለተኛውን እንስማ።