መርዶ ያልደረሰን ጦርነት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ደብተሩን ይዞ በራችንን አንኳኳ። ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይገመታል።

«ጋሼ፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዋና ዋና ክስተቶች በቅደም ተከተል ጻፉ ተብለናል» አለኝ።

እኔም አላንገራገርኩም። በፈረንጅ አቆጣጠር ፖላንድ በ1939፣ የፈረንሳይ መውደቅ በ1940፣ ፐርል ሃርበር በ1941፣ ኤል አላሜይን በ1942፣ ስታሊንግራድ በ1943፣ ኖርማንዲ በ1944፣ ሂሮሺማ በ1945 እያልኩ አስጻፍኩት።

እናቴ ጥግ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል «የእኛስ?» አለች።

«የእኛማ የኢጣሊያ ወረራ ነው የሚባለው፣ እማዬ። ከዓለም ጦርነቱ በፊት ነው።»

«ታዲያ አያቴን የበላው የማን ጦርነት ነው?»

መልስ አጣሁ። የእናቴ አያት በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ከዘመቱት አንዱ ነበር። አልተመለሰም። ሞቱን አየሁ የሚል ሰው ስላልመጣም መርዶ አልተነገረ፣ ለቅሶ አልተቀመጡ፣ ተዝካር አልወጣ። ሚስቱ በነፃነት ማግሥት የሚመለሱትን ዘማቾች ፊት እያየች ስትጠብቅ ኖረች። ልጅዋ፣ ማለትም አያቴ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ስለ አባቷ ስታወራ «ሄደ» እንጂ «ሞተ» ብላ አታውቅም።

እኛ የምንኖርበት የአቃቂ አገር ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ የተመረቀውን የሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ኢትዮጵያ በዚያው ጣቢያ አማካይነት የኢጣሊያን ዛቻ ለዓለም አሰማች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ዓለም አልሰማም ማለት አይቻልም። የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈርጆ ማዕቀብ ጣለ። ነገር ግን ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ነዳጅ ያልተነፈገው አውሮፕላን በባዶ እግሩ በሚዘምት ሰው ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። ማኅበሩ በእኛ ጉዳይ ሲወዛገብ፣ የካቲት 28 ቀን ሂትለር ጦሩን ራይንላንድ አስገባ፤ የከለከለውም አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ድል ሆንን። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ፤ በሐምሌ ወር ማዕቀቡ ጭራሽ ተነሣ።

የዓለም ጦርነት የተጀመረው በእኛ ነው ብዬ መፎከር አልሻም። ቻይናዎችም የራሳቸውን 1937 ይዘው ይመጣሉ። ሆኖም ወራሪ ዋጋ ሳይከፍል ማለፍ እንደሚችል ሙሶሊኒም ሂትለርም የተማሩት እዚህ ላይ ነው። 1939 እሳቱ የአውሮፓን ቤት የነካበት ዓመት እንጂ ክብሪቱ የተጫረበት አይመስለኝም። ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ የእኛ ጦርነት በድንገት የሌሎችም ሆነ። እስከዚያ ድረስ አርበኞቹ ዱር ቤቴ ብለው አራት ዓመት ያህል ብቻቸውን ተዋግተዋል። ከዚያ በኋላ ጥር 1933 ኦሜድላ፣ መጋቢት ላይ ከረን፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተከታተሉ። ኖርማንዲ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው ደብተሩን ትክ ብሎ አየ። «ጋሼ፣ መምህሩ ኤክስ ቢያደርጉብኝስ?» አለ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ማርኩ የእርሱ እንጂ የእኔ አይደለም። «ያስጻፍኩህን አትሰርዘው። ይህንንም ጨምርና ለምን እንደጨመርከው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳ» አልኩት። ከፖላንድ በላይ ባዶ መስመር አልተወም ነበርና፣ በገጹ ራስ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ» ብሎ አጣበበው።

ልጁ ከወጣ በኋላ እናቴ ምስሩን አስቀምጣ «ማይጨው መቼ ነው ያልከው?» አለችኝ።

«መጋቢት 22።»

በዚያው ቀን ይሙት፣ በሽሽቱ መንገድ ይቅር፣ የሚያውቅ የለም። ይህንኑ ልነግራት ስል እርሷ ቀደመችኝ።

«ይሁን። ቀን ካገኘንለት ተዝካሩን እናወጣለታለን» አለች።