«የነፃ ሽርሽር ዕድለኛ ሆነዋል!»… ቆይ፣ ኪሳችሁን ያዙ!

ዛሬ የምናወጋው ስለ ነፃ ነገር ነው። «በነፃ» ሲባል ጆሮው የማይቆም ወጣት በሸገር አለ ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ! ኪሱ ቺስታ ሆኖ ልቡ ግን ላንጋኖ የሚዋኝ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዎክ የሚያደርግ፣ ዱባይ ደርሶ የሚመለስ ስንቱ ነው! ምኞቱ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ይህንኑ ምኞት ዓይተው ወጥመድ ከሚዘረጉት ዘንድ ነው።

ወጥመዱ አዲስ አይደለም። ድሮ ስልክ ይደወልና «ሽልማት ወጥቶልሃል፣ ካርድ ፍቀህ ቁጥሩን ንገረን» ይባል ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ግን ገንዘብ በጣት ጫፍ ይተላለፋል፤ አጭበርባሪውም አብሮ ሠልጥኗል። ቴሌግራም ላይ የሚያማምሩ የመዋኛ ገንዳ ፎቶዎች ይለቀቃሉ፣ «ለመጀመሪያዎቹ 20 ሰዎች ብቻ!» የሚል ይጻፍበታል፣ ከሥሩ ደግሞ «ሄጄ ነበር፣ በጣም አሪፍ ነው!» የሚሉ ምስክሮች ይደረደራሉ። ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ እንግዲህ ገምቱ!

የሰፈራችን አንዲት ልጅ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ። ለሁለት ሰው የሦስት ቀን የላንጋኖ ሽርሽር በነፃ ደርሶሻል ተባለች። መጀመሪያ ለመመዝገቢያ ትንሽ ብር ጠየቋት። ላከች። ቀጥሎ «የኢንሹራንስ» አሏት። ላከች። ከዚያ ደግሞ «የክፍል ማስያዣ ነው፣ ስትመለሺ ይመለስልሻል» መጣ። ያንንም ላከች። በቀጠሮው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ከጓደኛዋ ጋር ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡስ ይጠብቃሉ ከተባለበት ቦታ ተገኙ። እንደነሱው ሻንጣ የያዙ ሌሎች ልጆችም ቆመው ነበር። ለካ ሁሉም ዕድለኞች ናቸው! አውቶቡሱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ስልኩም እንደተዘጋ ነው። በኋላ ሒሳቡን ስታሰላው የራሷን ብር ከፍላ ላንጋኖ ደርሳ አሣ በልታ የምትመለስበት ገንዘብ ሆኖ አገኘችው።

ብልሃቱን ልብ በሉ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ቢጠይቋት ኖሮ «ኧረ እባካችሁ!» ብላ ትዘጋው ነበር። በጥቂት በጥቂቱ ሲሆን ግን ሁለተኛውን የምትከፍለው የመጀመሪያው እንዳይቀርባት ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ሁለቱ እንዳይቀሩባት። ወጥመዱ የሚሠራው በስስት ብቻ ሳይሆን በቁጭትም ነው።

እኔ ዘንድም እንዲህ ያለ ጥሪ መጥቶ ያውቃል።

«ጌታዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የመዝናኛ ዕድል ወጥቶልዎታል።»

«ዕጣውን መቼ ነው የቆረጥሁት?»

«ስልክ ቁጥርዎ በኮምፒውተር ተመርጦ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይልካሉ።»

«እሰይ! እንግዲያው ክፍያውን ከሽልማቱ ላይ ቀንሱልኛ።»

«አሠራራችን አይፈቅድም።»

«ግድ የለም፣ ቢሯችሁ መጥቼ በእጄ ልክፈል። የት ነው ያላችሁት?»

ጧ! ተዘጋ።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዟቸው፤ እውነተኛ ሰው ለሁለቱም መልስ አያጣም። ሌሎቹ ምልክቶች እነሆ። ያልቆረጣችሁት ዕጣ አይወጣላችሁም። ሽልማት ለመቀበል ገንዘብ አይከፈልም። የሚስጥር ቁጥራችሁን ወይም በመልእክት የደረሳችሁን ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ ባንክም ሆነ ቴሌብር ይህን ደውሎ አይጠይቅም። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልከፈልህ ለሌላ ይተላለፋል» የሚል ችኮላ ካለ ደግሞ እናንተ ቀስ በሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ተረቱ። የሆቴሉ ስም ከተነገራችሁ ስልኩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉና «በስሜ የተያዘ ክፍል አለ ወይ?» በሉ። አለቀ!

ሌላም ዓይነት አለ፤ ከረባት ያሰረ። «በነፃ ጋብዘንሃል» ተብላችሁ አዳራሽ ትገባላችሁ፣ ሙዚቃ አለ፣ ጭብጨባ አለ። «አባል ሁን፣ አምስት ሰው አምጣ፣ በነፃ ውጭ አገር ትዝናናለህ» ይባላል። እስቲ ወረቀት አውጥታችሁ አስሉት። እያንዳንዱ አምስት ሰው ካመጣ በአሥረኛው ዙር ብቻ 9,765,625 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ሕዝብ በሙሉ ቢሰለፍ አይበቃም! ታዲያ መጨረሻ የገባው ማንን ያመጣል? ከላይ ያሉት የሚዝናኑት ከታች ባሉት ገንዘብ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚጠፋው ብር ነው፤ ብር ይተካል። የባሰው «ትኬቱን እኛ እንችላለን፣ ና ባንኮክን እያት፣ ከወደድካት ሥራም አለ» የሚለው ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 የተለያየ አገር ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእኛ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። በእነዚህ ካምፖች የተያዙት አብዛኞቹ የሄዱት ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ነው። ድንበር ካሻገሯቸው በኋላ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ሌላውን ሰው እንዲያጭበረብሩ አስገደዷቸው። እምቢ ያለው ተደበደበ፣ በኤሌክትሪክ ተነዘረ። እንግዲህ በማታ «ሃይ፣ እንተዋወቅ» ብሎ የሚጽፍላችሁ የማታውቁት ሰው ራሱ የሰው እስረኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቲኬት የሚቆርጥላችሁን ሰው ማንነት ቤተሰብ ሳያውቅ፣ ፓስፖርታችሁን ለሌላ ሰው አስረክባችሁ፣ ለሥራ እየሄዳችሁ በቱሪስት ቪዛ ከአገር እንዳትወጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«በቃ ቤት እንቀመጥ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ በፍጹም! የምር ነፃ የሆነው ከእግራችን ሥር ነው። እስቲ አንድ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ውጡ።

ጠዋት ከአራት ኪሎ እንነሳ። የድል ሐውልቱን ዓይተን፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብለን ትንሽ ብናነብ የሚያስከፍለን የለም። ከዚያ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትን በታክሲ መስኮት ስንት ጊዜ ዓይታችሁት አልፋችኋል? ዛሬ ውረዱና ዙሩት። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱት ጭፍጨፋ በሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። እኔ ባየሁት ቁጥር ቀልዴ ይጠፋል።

ከዚያ ሽሮ ሜዳ። ቀሚሱን፣ ጥበቡን፣ ጋቢውን ማየት አያስከፍልም፤ ነጋዴዎቹ «ግቡ፣ እዩ» ማለት አይታክታቸውም። ከዚያ በኋላ እንጦጦ! ባሕር ዛፉ እየሸተታችሁ፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ እያያችሁ ትወጣላችሁ። መንገድ ልቀቁላቸው፣ «አይዞዎት እማማ» በሏቸው። ከላይ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች። ከፍታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ይበልጣልና ትንፋሽ ያሳጥራል። ዞር ብላችሁ ስታዩ ያቺ የምታማርሯት ከተማ በሙሉ ከእግራችሁ በታች ናት። አንድ ምክር፦ በቡድን ሂዱ፣ ጫካ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ፣ ሳይመሽ ውረዱ።

ሌላ ቀን ደግሞ መስቀል አደባባይ። ማለዳ ደረጃው ላይ የሚሮጡትን ተቀላቀሉ። ከዚያ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግቡ። እኔ ስገባ ትኬት የጠየቀኝ አልነበረም፤ የፈቀድኩትን ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። በግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች የእናንተን ዕድሜ የነበራቸው ልጆች ናቸው።

ፒያሳንም አትርሱ። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን፣ ጣሊያን ነቅሎት ከድል በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰውን የምኒልክን ሐውልት በደንብ ዓይታችሁታል? ወላጆቻችን ኬክ የበሉበት፣ ዎክ ያደረጉበት ብዙው የድሮ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። «አንድ ቀን እዞረዋለሁ» ሲሉ የነበሩ ጓደኞቼ ዛሬ የሚዞሩት ፎቶውን ነው። የራስን ከተማ ማየት ቀጠሮ አይሰጥም ጎበዝ!

ሙዚቃና ፊልም ለሚያምራችሁ ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ብዙ ጊዜ በነፃ የሚታይ ዝግጅት ያቀርባሉ፤ ማስታወቂያቸውን ተከታተሉ። በዓል ሲመጣ ደግሞ መላው አገር አዳራሽ ነው። በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የመስቀል ደመራ፣ በ2012 ዓ.ም. የተመዘገበው የጥምቀት በዓል… ፈረንጅ ስንት ሺህ ዶላር ከፍሎ ሊያየው የሚመጣውን እናንተ ጃን ሜዳ በእግራችሁ ደርሳችሁ ታዩታላችሁ።

ከከተማ መውጣት ካማራችሁ ያልተነካ ሀብት አለ፤ ሠርግ! ጓደኛችሁ ሙሽራው ናዝሬት ነው የሚያገባው? አጃቢ ሁኑ። መኪናው ተከራይቷል፣ ምሳው ተዘጋጅቷል፣ ጭፈራው አለ። የእናንተ ክፍያ ድምፃችሁ ነው። ደብረ ብርሃን አክስት ያላችሁ ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ? ቡናና ስኳር ይዛችሁ «እትዬ፣ ናፍቀሽኝ ነው» በሏት። ባዶ እጅ ግን አይኬድም! ቁርስ ምሳ ራት ከነምርቃቱ ታገኛላችሁ፤ ስትመለሱም ቆሎ ትቋጥርላችኋለች።

ልዩነቱን አያችሁት? እውነተኛው ነፃ ነገር አይደውልላችሁም፣ አይቸኩልም፣ ቅድሚያ ክፍያም አይጠይቅም። እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ እግራችሁን ይጠብቃል። ስልክ ላይ ያለው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ለዚህ ቅዳሜ ጫማችሁን አዘጋጁ፣ ውኃና ዳቦ ያዙ፣ አንድ ወዳጅ አስከትሉ። ደግሞም ይህን ወሬ «ዕድለኛ ሆንኩ» ብሎ ሊከፍል ለተሰናዳ ጓደኛችሁ ዛሬውኑ ንገሩት።